ቴአትር ወይስ አዝማሪ ቤት?

ደሴ ውስጥ «ወጣ ያለ ነገር ልሞክር» ለሚል ወጣት ተዋናይ ሁለት በር አለ።

ቴአትሩ ክብር አለው። ድርሰት አለ፣ አዘጋጅ አለ፣ መብራት አለ። እናትም «ልጄ ተዋናይ ናት» ብላ ለጎረቤት ታወራለች። ችግሩ ለወራት የተለማመዱት ሥራ ጥቂት ቀን ታይቶ መቅረቱ ነው።

አዝማሪ ቤት ሌላ ዓለም ነው። ማሲንቆው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። አንዱ ጠጪ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይለዋል። ቀጥሎ ያንኑ ሰውዬ በሰምና ወርቅ ሸንቆጥ ያደርገዋል። ሰውዬው ይስቅና ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ተመልካቹን የጨዋታው አካል ማድረግ የሚባለው የዘመናዊ ቴአትር ሙከራ እዚህ የየማታ ሥራ ነው። ደግሞ አገሩ ወሎ ነው። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸው የዚሁ አገር ስም ነው፤ ስታበላሽ አዳማጩ ይነቃብሃል።

ኑሮው ግን ፈተና ነው። ገቢው በሽልማት ነው። ሁዳዴ ሲገባ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ረመዳን ሲደረብበትማ አይጣል ነው።

ሁለቱንም የሞከረ ሰው የለም እንዳይባል አስናቀች ወርቁ አለች (የወሎ ልጅ ባትሆንም)። ከቀደምት ሴት ተዋንያን አንዷ ነበረች፤ ክራሯንም አልጣለችም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ በአዝማሪ ቤት ጀምሩ። ቀልዳችሁ ካልሠራ እዚያው ታውቁታላችሁ። በቴአትሩ ግን ቢያንስ በጊዜ ቤት ይገባል።