የጀልባዬን እንጨት ላዳኑልኝ ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ይሄን ሳልጽፍ ብቀር ይቆጨኛል። የጀልባ እንጨት ቫርኒሽ በደንብ የሚቀባ ሰው አጥታችሁ የተቸገራችሁ ካላችሁ እኔ አግኝቻለሁና አንብቡኝ።

መጀመሪያ ያየሁትን አበሳ ልናገር፣ ካልተናገርኩት አይወጣልኝም። የማንንም ስም አላነሳም። አንዱ ቀብድ ተቀብሎኝ በጠራራ ፀሐይ ቀባው። የቫርኒሹን ቆርቆሮ እንደ ሽሮፕ ጠርሙስ ሲንጠው በዓይኔ አይቻለሁ። ሲጨርስ እንጨቱ ከሩቅ ያብረቀርቃል፣ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን ከዳር እስከ ዳር ጥቃቅን አረፋ ነው። ስጠይቀው «ሲደርቅ ይጠፋል» አለኝ። ደረቀ፣ አረፋውም አብሮ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ስደውል ስልክ አያነሳም። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የፊተኛውን ሳይፍቅ በላዩ ላይ ደረበበት። አረፋው የፈነዳበት ቦታ ሁሉ ውሃ እያስገባ እንጨቱ መጥቆር፣ ቫርኒሹም መላጥ ጀመረ። ሰውየው ግን «ችግሩ የእንጨቱ ነው» ብሎኝ ሂሳቡን ይዞ ሄደ። ይቺ ቃል እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ያንን እንጨት የላገው አባቴ ነው።

እኚህን ባለሙያ የጠቆመኝ አንድ ወዳጄ ነው። ሲመጡ ብሩሽ እንኳ አልያዙም። ጫማቸውን አውልቀው ጀልባው ላይ ወጡና እንጨቱን በመዳፋቸው እየዳበሱ ከፊት እስከ ኋላ አዩት። ከዚያ «ልጄ፣ እንጨቱ ምንም አልሆነም» አሉኝ። ግማሹ ጭንቀቴ እዚያው ወረደ።

ስለ ቲነሩ መጠን፣ ስለ ብርጭቆ ወረቀቱ ቁጥር ብዙ ነግረውኛል፣ አልያዝኩትም። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። ቆርቆሮውን አይንጡም፣ በቀስታ ያማስሉታል። የሚበቃቸውን ያህል ብቻ በስስ ጨርቅ አጥልለው ወደ ንጹህ ጣሳ ይቀንሳሉ። ብሩሹን ነክረው ሲያወጡ በጣሳው አፍ ላይ አይጠርጉትም፣ አረፋው አንዱ እዚያ ነው የሚፈጠረው ይላሉ። ስስ አድርገው ይቀቡና መጨረሻ ላይ በብሩሹ ጫፍ ብቻ፣ ሳይጫኑ፣ የእንጨቱን መስመር ተከትለው ያልፉበታል። አንዴ ካለፉ አይመለሱም። ሲደርቅ ይፍቁታል፣ አቧራውን ጥርግ አድርገው ያነሳሉ፣ እንደገና ሌላ እጅ። አንድ ወፍራም እጅ ከመቀባት ብዙ ስስ እጅ ይሻላል ባይ ናቸው። ፀሐይ ላይ ደግሞ ንክች አያደርጉም። እንጨቱ እየሞቀ ሲሄድ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ቫርኒሹን እየነፋ ይወጣል አሉኝ። እኔኮ ያን ሁሉ ጊዜ ቫርኒሹ ራሱ መጥፎ ይመስለኝ ነበር!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከመቀመጫው ስር አሮጌውን ቫርኒሽ ሲፍቁ ድንገት ሥራ አቁመው ጠሩኝ። የእርሳስ ጽሁፍ ነው። አባቴ ጣውላውን ሲለካ የጻፋቸው ቁጥሮች፣ አጠገባቸው የስሙ የመጀመሪያ ፊደል። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፣ ጽሁፉ እዚያ መኖሩንም አላውቅም ነበር። «ይፋቅ ወይስ ይቅር?» አሉኝ። ድምፄ አልወጣ አለ። ገባቸው መሰለኝ መልስ አልጠበቁም፣ የብርጭቆ ወረቀቱን አስቀምጠው ያቺን ቦታ በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ቀስ እያሉ አጸዷት። ከዚያ ቫርኒሹን በላይዋ ደረቡባት። ቁጥሮቹ አሁን ጥርት ብለው ይነበባሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ሳያየው ፍቆት ይሄድ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ሥራው አለቀ ብዬ ሂሳብ ላወጣ ስል ደግሞ ባትሪ አብርተው ከጎን እያዩ አንድ ጥግ ላይ ትንሽ አረፋ አገኙ። እኔ እያሳዩኝም ለማየት ተቸግሬ ነበር። «ይቺን ትቼ አልሄድም» ብለው ያንን ጣውላ በሙሉ ፍቀው እንደገና ቀቡት። ለዚያ ተጨማሪ ሳንቲም አልጠየቁኝም፣ ብሰጣቸውም እምቢ አሉ። አሁን እጄን ሳሳልፍበት አንዲት ሻካራ ነገር የለውም።

ወገኖቼ፣ እባካችሁ እንዲህ ያለ ሰው እያለ ገንዘባችሁንም እንጨታችሁንም አታስበሉ። ቁጥራቸውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ብቻ አታጣድፏቸው። አየሩ እርጥበት ካለው አይቀቡም፣ ነፋስ አቧራ ካነሳም ብሩሻቸውን አጥበው ይሄዳሉ። ስለዚህ ጀልባው የሚያስፈልጋችሁ ቀን ሳይደርስ ቀደም ብላችሁ ደውሉላቸው፣ እንጨቱንም በደንብ አድርቃችሁ፣ ከተቻለም ጥላ ስር አስገብታችሁ ጠብቋቸው።