የቱርክ ስቶራክስ ወይስ የሆንዱራስ? የቱን ልግዛ ለምትሉ

ሁለቱም ሊኩዊዳምባር ከሚባለው ዛፍ የሚወጣ፣ ለማጨስና ለሽቶ የሚሆን ሙጫ ነው፣ ግን ዝም ብላችሁ «ስቶራክስ» ብላችሁ ካዘዛችሁ ያላሰባችሁት ነገር ሊመጣ ይችላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ለምን እንደምትፈልጉት ወስኑ።

የቱርኩ ዛፍ (በላቲን ስሙ ኦሪየንታሊስ) የሚበቅለው ደቡብ ምዕራብ ቱርክ፣ ሙላ አካባቢ፣ ማርማሪስና ኮይጀይዝ ላይ፣ ትንሽ ደግሞ የግሪኳ ሮድስ ደሴት ላይ ነው። ግንዱን ያቆስሉትና ሙጫው ከቅርፊቱ ጋር ተፍቆ በፈላ ውሃ ይቀቀላል፣ ከዛ ይጨመቃል፣ ለዛ ነው ግራጫ፣ ድፍርስና ውሃ የያዘ የሚሆነው። የሆንዱራሱ (ስቲራሲፍሉዋ) ግን ግንዱ ላይ ኪስ ተፈልፍሎ እዛው ውስጥ ሲጠራቀም ነው የሚቀዳው፣ ስለዚህ ጠራ ያለ ቡናማ ነው፣ በማንኪያ ስታነሱት እንደ ማር ክር ይስባል። ማንኪያው ላይ የቀረው በውሃ አይለቅም፣ በአልኮል ጥረጉት።

ሽታው ላይ አትደንግጡ። ክዳኑን ስትከፍቱ ቀድሞ የሚመጣው ማስቲሽ ማስቲሽ የሚል ነገር ነው፣ ስታይሪን ነው፣ ፕላስቲክ የሚሰራበት ኬሚካል እራሱ እ.ኤ.አ. በ1839 ኤድዋርድ ሲሞን የሚባል ጀርመናዊ መጀመሪያ ያገኘው ከዚሁ ሙጫ ነው። ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት! ትንሽ ሲቆይ ቀረፋና አበባ የሚመስለው ጣፋጭ መዓዛ ይወጣል፣ እኔ በበኩሌ ለዛ ስል ነው የምወደው።

ለማጨስ ከሆነ የቱርኩ ይሻላል፣ በተለይ ከጭመቃው የተረፈው የደረቀ ቅርፊት ከሰል ላይ ቀስ ብሎ ይጨሳል፣ ፈሳሹን ግን ብቻውን ከሰል ላይ ካፈሰሳችሁት ወዲያው ተቃጥሎ ያልቃል፣ ከሌላ እጣን ዱቄት ጋር ለውሱት። ለሽቶ ከሆነ ግን የየትኛውንም ጥሬ ሙጫ አትግዙ፣ ቆዳ ስለሚያስቆጣ የሽቶ ኢንዱስትሪው ደንብ (ኢፍራ) ከልክሎታል፣ የተጣራ ወይም የተነጠረ የሚል ፈልጉ።

ደረቅ፣ ተሰባሪ፣ ውስጡ ነጭ የሆነ ጠጠር ካሳዩአችሁ ደግሞ እሱ ቤንዞይን ነው፣ የደቡብ ምስራቅ እስያ ዛፍ፣ ቫኒላ የሚሸት። ጥሩ ነገር ነው ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሻጩን የላቲን ስሙን ጠይቁት።

የቱርኩ ዛፍ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ነው፣ እና ለማጨስ ካልሆነ በቀር የሆንዱራሱን ብትወስዱ ደስ ይለኛል፣ የቱርኩንም ስትገዙ የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ይሁን።