ጄቢዲ2 እንደሚነበብ ጽሑፍ፦ የኤክስት4 ጆርናል ኮድ ግምገማ

ጄቢዲ2 በሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው ማዕከላዊ ፕሮግራም) ውስጥ የኤክስት4 የፋይል ሥርዓት ጆርናሉን፣ ማለትም ለውጦች በቦታቸው ከመጻፋቸው በፊት የሚመዘገቡበትን መዝገብ፣ የሚጽፍበት፣ ከብልሽት በኋላም መልሶ የሚያነብበት የኮድ ክፍል ነው። ስለ ፍጥነቱና ስለ አስተማማኝነቱ ብዙ ተብሏል፤ እኔ ግን እዚህ የምመዝነው ሰው እንደሚያነበው ጽሑፍ ነው። ባለፉት ወራት ይህን ኮድ በራሴ ቅጂ ላይ ለንባብ እንዲቀል መልሼ ሳዋቅር ቆይቻለሁ። ስለዚህ አስተያየቴ የመጣው ፈንክሽኖቹን ከፍቼ፣ ከፋፍዬ፣ አንዳንዶቹንም ተሳስቼ ወደነበሩበት ከመለስኩ በኋላ ነው።

መሠረቱን የጣለው ስቲቨን ትዊዲ ነው። ትዊዲ የኤክስት4 ቀዳሚ ለሆነው ለኤክስት2 የነደፈው ጆርናል ኤክስት3 ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ከርነሉ ሲገባ፣ ጆርናሉን የሚያስተዳድረው ክፍል ጄቢዲ ተብሎ ከፋይል ሥርዓቱ ተለይቶ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2006 የኤክስት4 ሥራ ሲጀመር ጄቢዲ ተቀድቶ ጄቢዲ2 ሆነ፤ ሁለቱ ለዓመታት ጎን ለጎን ከኖሩ በኋላም አሮጌው ከኤክስት3 ኮድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ከከርነሉ ወጣ። በዚህ መካከል 64 ቢት የብሎክ (ዲስኩ የሚከፈልበት ክፍልፋይ) ቁጥርና የተለያዩ የቼክሰም (መረጃ መበላሸቱን የሚያሳይ ማረጋገጫ ቁጥር) ስሪቶች ተጨመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ፈጣን ኮሚት የሚባለው አሠራር ተከተለ። እያንዳንዱ ጭማሪ ቀድሞ የተጻፉ ዲስኮችን ሳያበላሽ መግባት ስለነበረበት፣ ዛሬ አንባቢ የሚያገኘው ኮድ በየዘመኑ ክፍል እየተቀጠለለት ያደገ ቤት ይመስላል።

ኮዱን ከመመዘን በፊት መለኪያው መታወቅ አለበት። አንድ ፋይል ሲፈጠር ኢኖዱ (የፋይሉን መግለጫ የሚይዘው መዝገብ)፣ የኢኖድ ቢትማፑ (የትኞቹ ኢኖዶች እንደተያዙ የሚያሳየው ካርታ) እና የማውጫው ብሎክ አብረው መለወጥ አለባቸው፤ አንዱ ተጽፎ ሌላው ሳይጻፍ ኃይል ቢቋረጥ የፋይል ሥርዓቱ ከራሱ ጋር ይጋጫል። ጄቢዲ2 እነዚህን ለውጦች በአንድ ትራንዛክሽን ያስራቸዋል። በመጀመሪያ የትኞቹ ብሎኮች እንደሚከተሉ የሚናገረው ገላጭ ብሎክ፣ ቀጥሎ የብሎኮቹ ቅጂዎች፣ በመጨረሻም ትራንዛክሽኑ መጽደቁን የሚናገረው የኮሚት ብሎኩ በጆርናሉ ላይ ይጻፋሉ። የኮሚት ብሎኩ ዲስኩ ላይ እስካልደረሰ ድረስ ትራንዛክሽኑ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። እንግዲህ የዚህ ኮድ ትክክለኛነት ያለው ከስሌቱ ይልቅ በቅደም ተከተሉ፣ ማለትም ምን ከምን በፊት እንደተጻፈና ማን ማንን እንደጠበቀ በሚወስነው ክፍል ነው። እኔም ተነባቢነቱን የምለካው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ቅደም ተከተሉ ለአንባቢ ይታያል ወይስ ተሸሽጓል?

በዚህ መለኪያ የዳታ ስትራክቸሮቹ ከፍተኛ ምስጋና ይገባቸዋል። በትራንዛክሽኑ ስትራክቸር ውስጥ ያሉት መስኮች በየትኛው መቆለፊያ (ሁለት ሥራዎች አንድን መረጃ በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚከለክል) እንደሚጠበቁ በአጠገባቸው ባለው ኮመንት ተጽፏል። ጆርናል ሄድ የሚባለው ስትራክቸርም አንድ በፈር (በማስታወሻ ውስጥ ያለ የብሎክ ቅጂ) አሁን የየትኛው ትራንዛክሽን እንደሆነ፣ ቀጥሎ የየትኛው እንደሚሆን፣ ቼክፖይንት (ወደ ቋሚ ቦታው መጻፍ) የሚጠብቀውም በየትኛው ሥር እንደሆነ በሦስት የተለያዩ ፖይንተሮች ይይዛል፤ ኮመንቶቹ ባይኖሩ የእነዚህን ልዩነት ከኮዱ ብቻ ለማውጣት ቀናት ይፈጅ ነበር። ከዚህም በላይ ያስደሰተኝ በመቆለፊያዎቹ ላይ የተደረገው ለውጥ ነው። ቀድሞ የአንድን በፈር ሁኔታ የሚጠብቀው መቆለፊያ በፍላጎቹ (በሁኔታ ምልክቶቹ) መካከል የተሸጎጠ አንድ ቢት ነበር፤ በኋላ ግን በጆርናል ሄድ ውስጥ የራሱ ስም ያለው መደበኛ ስፒንሎክ (የከርነሉ የተለመደ መቆለፊያ) ሆነ። ሎክዴፕ የተባለው የከርነሉ ተቆጣጣሪ ቢት መቆለፊያዎችን መከታተል ስለማይችል፣ ለውጡ መቆለፊያውን ለሰውም ለመሣሪያውም እንዲታይ አድርጎታል። ለንባብ የሚደረግ ሪፋክተሪንግ (ኮድን መልሶ ማዋቀር) እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል።

አስቸጋሪው ክፍል ትራንዛክሽንን ኮሚት የሚያደርገው ፈንክሽን ነው። ርዝመቱ በመቶዎች የሚቆጠር መስመር ነው፤ በውስጡ መቆለፍ፣ መላክ፣ መጠበቅ፣ የስሕተት አያያዝና የስታቲስቲክስ ምዝገባ ተጠላልፈው ይገኛሉ። ትራንዛክሽኑ የሚያልፍባቸው ሁኔታዎች ግልጽ ስም ሲኖራቸው፣ የፈንክሽኑ ደረጃዎች ግን በማረሚያ መልእክቶቹ ውስጥ በቁጥር ብቻ ይታወቃሉ፤ ሁለተኛው ደረጃ እንዲያውም ለሁለት ተከፍሎ ፊደል ተቀጥሎበታል። ቁጥር ተራን ይናገራል እንጂ ምክንያትን አይናገርም። አንባቢው አራተኛው ደረጃ ከሦስተኛው በኋላ መምጣቱን ያያል፤ ቢገለበጡ ምን እንደሚፈርስ ግን አያይም።

እኔም መጀመሪያ ያደረግሁት ብዙዎች የሚያደርጉትን ነው፤ ረጅሙን ፈንክሽን በአጫጭር ፈንክሽኖች ከፋፈልኩት። ውጤቱ ለዓይን እጅግ ያማረ ነበር። ነገር ግን የፋይሉ ይዘት ዲስኩ ላይ እስኪደርስ የሚጠብቀውን ክፍል ከሌሎች ሥራዎች ጋር አጣምሬ «ማጠናቀቂያ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥቼው ነበር። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ቦታ ሳስተካክል ይህ ስም ራሴን አሳሳተኝ፤ የማጠናቀቂያ ሥራ መጨረሻ ላይ ቢሆን ይሻላል ብዬ ከኮሚት ብሎኩ በኋላ አዛወርኩት። ኤክስት4 በነባሪነት በሚሠራበት ኦርደርድ በተባለው ሁነታ፣ አዲስ የተመደቡ ብሎኮች ይዘት ከሜታዳታው (ፋይሉን ከሚገልጸው መረጃ) ኮሚት በፊት መድረስ አለበት፤ እኔ ያፈረስኩት ይህንኑ ቃል ኪዳን ነበር። ኮዱ ያለ ማስጠንቀቂያ ኮምፓይል ሆነ፣ የተለመዱት ፈተናዎችም አለፉ፤ ኃይል ካልተቋረጠ ስሕተቱ የሚታይበት መንገድ የለምና። የያዝኩት ዲኤም ሎግ ራይትስ በተባለው መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ ወደ ዲስክ የሚሄደውን እያንዳንዱን ጽሑፍ በተራ መዝግቦ፣ በፈለጉት ነጥብ ላይ ኃይል የተቋረጠ ያህል የዲስኩን ሁኔታ መልሶ ያሳያል። በአንዳንዶቹ ነጥቦች ላይ ርዝመታቸው ትክክል፣ ይዘታቸው ግን በብሎኩ ላይ ቀድሞ የነበረ አሮጌ መረጃ የሆነ ፋይሎች ተገኙ።

ከዚያ በኋላ ሐሳቤ ተለወጠ። ረጅሙ ፈንክሽን ቢያስቸግርም አንድ ትልቅ መልካምነት አለው፦ አንባቢ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ዲስኩ የሚያየውን ተራ ያያል። መከፋፈሉ የሚጠቅመው ይህን ተራ ይበልጥ ግልጽ ሲያደርገው ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ሙከራዬ ዋናው ፈንክሽን በተራ የሚጠሩ ጥቂት ደረጃዎች ብቻ እንዲቀሩት አደረግሁ። የእያንዳንዱ ደረጃ ስም የሚልክ ከሆነ «ላክ»፣ የሚጠብቅ ከሆነ «ጠብቅ» የሚለውን የግድ እንዲይዝ ወሰንኩ፤ ልኮ የሚጠብቅ አንድ ረዳት ፈንክሽንም አልጻፍኩም። በደረጃዎቹ መካከል ባሉት መገናኛዎች ላይ ደግሞ ቀጣዩ ለምን ቀድሞ መምጣት እንደማይችል የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጥኩ።

ለእንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ጥሩ አርአያ በነባሩ ኮድ ውስጥ ይገኛል። ከኮሚት ብሎኩ በፊት፣ ጆርናሉ ከፋይል ሥርዓቱ በተለየ ዲስክ ላይ ከሆነ የፋይል ሥርዓቱን ዲስክ ካሽ (ጊዜያዊ ማከማቻ) ወደ ቋሚ ማከማቻ የሚያስወርድ ትእዛዝ አለ። ጆርናሉ በዚያው ዲስክ ውስጥ ለሆነለት አንባቢ ይህ ትርፍ ይመስለዋል፤ የኮሚት ብሎኩ ራሱ ሲጻፍ የዲስኩን ካሽ ቀድሞ ያስወርዳልና። ነገር ግን ሁለት ዲስኮች ሲኖሩ የአንዱ መውረድ ለሌላው ምንም አያደርግለትም። ኮዱ ይህን በቦታው በኮመንት ያስረዳል፤ ኮመንቱ ባይኖር ኖሮ ለማሳጠር የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚሰርዘው ይህን ሁኔታ ይሆን ነበር።

ጆርናሉን መልሶ የሚያነበው ፋይል ሌላ ዓይነት ችግር አለው። ጄቢዲ2 ከብልሽት በኋላ ጆርናሉን በሦስት ዙር ያልፋል፦ በመጀመሪያው ዙር መጨረሻው የት እንደሆነ ይፈልጋል፣ በሁለተኛው የመሻሪያ መዝገቦችን ይሰበስባል፣ በሦስተኛው ብሎኮቹን ወደ ትክክለኛ ቦታቸው ይመልሳል። መሻሪያው ያስፈለገበት ምክንያት ማብራሪያ ይሻል። ማውጫ የነበረ ብሎክ ተለቅቆ ለፋይል ይዘት ቢሰጥ፣ በጆርናሉ ውስጥ የቀረው አሮጌ የማውጫ ቅጂ ሲመለስ የፋይሉን አዲስ ይዘት ያጠፋዋል፤ መሻሪያው «ይህን ብሎክ ከዚህ ትራንዛክሽን ወዲህ ካልሆነ አትመልስ» ይላል። ሦስቱንም ዙሮች የሚያካሂደው አንድ ፈንክሽን ሲሆን፣ የትኛው ዙር እንደሆነ በፓራሜትር ይነገረዋል፤ ስለዚህ ሉፑ (በየብሎኩ የሚደጋገመው የኮድ ክፍል) «ዙሩ ይህ ካልሆነ እለፍ» በሚሉ ቅርንጫፎች ተሞልቷል። አንባቢ አንዱን ዙር ብቻ ለመከተል ሌሎቹን ሁለቱን በአእምሮው እየሰረዘ መሄድ ግድ ይሆንበታል።

እዚህ ላይ ሦስት የተለያዩ ሉፖችን መጻፍ ያጓጓል፤ እኔ ግን እቃወመዋለሁ። ሦስቱ ዙሮች ጆርናሉን በፍጹም አንድ ዓይነት መንገድ መራመድ አለባቸው፤ የስንት ብሎክ ዝላይ እንደሚደረግ፣ ጆርናሉ ክብ ስለሆነ መጨረሻው ላይ ሲደረስ ወደ መጀመሪያው እንዴት እንደሚዞር፣ የተራ ቁጥሩ ሲበላሽ የት እንደሚቆም ሊለያዩ አይችሉም። ሉፖቹ ሦስት ከሆኑ፣ አንድ ቀን አንዱ ታርሞ ሌሎቹ ይቀራሉ። የሚሻለው መራመዱን አንድ ቦታ ላይ አቆይቶ፣ በየብሎኩ የሚደረገውን ሥራ ብቻ ለየዙሩ በራሱ ፈንክሽን ማውጣት ነው።

ትንንሽ ነገሮችም አሉ። የትራንዛክሽን ተራ ቁጥሮች 32 ቢት ስለሆኑ 4,294,967,295 ላይ ደርሰው ወደ 0 ይመለሳሉ፤ ስለዚህ የሚነጻጸሩት አንዱን ከሌላው ቀንሶ የልዩነቱን ምልክት በሚያይ ረዳት ፈንክሽን ነው። ይህን በተራ የ«ይበልጣል» ምልክት መተካት ኮዱን የሚያሳጥር ይመስላል፤ ነገር ግን ያፈርሰዋል። የመቆለፊያ ቅደም ተከተሉም በብዙ ቦታዎች ተበትኖ በመገኘቱ አዝኛለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ ቢጻፍ አዲስ አንባቢን ከብዙ ድካም ያድነው ነበር።

ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው የምመክረው ኮድ የሚያዛውር ለውጥና ባህርይ የሚለውጥ ለውጥ በአንድ ፓች (ለግምገማ በሚቀርብ የለውጥ ጥቅል) ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገናኙ ነው። ማዛወሩ ለብቻው ሲቀርብ ገምጋሚው መስመሮቹ እንዳልተነኩ በደቂቃዎች ያረጋግጣል፤ ተቀላቅሎ ሲቀርብ ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ማንበብ ይኖርበታል፤ በተግባርም ብዙ ጊዜ አያነበውም።

በመልሶ ማንበቢያው ፋይል ላይ የጀመርኩትን ለውጥ እስካሁን አልጨረስኩም። ይህ ፋይል በከርነሉ ውስጥ ብቻ ያለ አይደለም፤ የኤክስት4 ዲስኮችን የሚፈትሸውና የሚጠግነው ኢቱ ኤፍኤስሲኬ የተባለው ፕሮግራም የዚያኑ ኮድ ቅጂ ይዞ ይሠራል። ሁለቱ መስመር ለመስመር ተመሳስለው መቆየታቸው ስሕተት አንዱ ጋ ሲታረም ወደ ሌላው ለማሻገር ያስችላል። እኔ የከርነሉን ብቻ ባሳምረው፣ ለአንድ አንባቢ ያቀለልኩትን ሁለቱን ለሚያስተያየው ባለሙያ አከብደዋለሁ። ስለዚህ አሁን ሁለቱንም ቅጂዎች ጎን ለጎን ከፍቼ፣ እያንዳንዱን እርምጃ በሁለቱም ላይ እኩል እየሠራሁ ነው።