ለአባቴ እንቅልፍ ለደከመችልን የአኩፓንቸር ባለሙያ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። በዚያውም በስትሮክ የተጎዳ ሰው እያስታመማችሁ ሌሊቱ አልነጋ ላላችሁ ሰዎች አንዲት የአኩፓንቸር ባለሙያ ልጠቁማችሁ፤ አኩፓንቸር ሰውነት ላይ የተለዩ ቦታዎችን በቀጫጭን መርፌ እየወጉ የሚያክሙበት የቻይና ባህላዊ ዘዴ ነው። ስሟን እዚህ አልጽፍም። "በአደባባይ አታውጣኝ" ስላለችኝ ቃሏን አከብራለሁ። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

ሰው ስትሮክ ሲመታው ጠያቂ ሁሉ የሚያነሳው ስለ እጅና እግር ነው። "መራመድ ጀመረ ወይ? እጁስ እንዴት ሆነ?" ይላሉ። እንቅልፍ ይወስደዋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ብዙም የለም። እኛን ግን የጨረሰን እንቅልፍ ነው። አባቴ ቀን ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ያንጎላጃል። ማታ አልጋው ላይ ጋደም ሲል ዓይኑ ፍጥጥ ይላል። የሰነፈው ጎን ትከሻው ይጠዘጥዘዋል፣ እግሩ ይገታተርበታል፣ ሽንት ደጋግሞ ያስነሳዋል። ይህ ሁሉ ጋብ ሲል ደግሞ ሐሳብ ይጀምረዋል። እናቴም አጠገቡ ስትገላበጥ ታነጋለች። ጠዋት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሲመጣ አባቴ እጁን የሚያነሳበት አቅም አይኖረውም።

ታዲያ ይሄ "ትንሽ እንቅልፍ ቢያጣ ምን ይሆናል" ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ከስትሮክ በኋላ አንጎል የተጎዳውን ክፍል ሥራ በሌላ መንገድ ለመሥራት ይለማመዳል። ቀን የተለማመደው እንቅስቃሴ እንዲጸና እንቅልፍ ትልቅ ድርሻ አለው። ሳይተኛ ያደረ ሰው ልምምዱም አይያዝለትም፣ ተስፋውም ቶሎ ይቆረጣል።

የእንቅልፍ ኪኒን ስንጠይቅ የነርቭ ሐኪሙ ብዙም አልወደደውም። አንዳንዶቹ ኪኒኖች ሰውነትን ስለሚያላሉ ሌሊት ለሽንት የተነሳ ሕመምተኛ ሊወድቅ ይችላል። ቀንም ያደነዝዛሉ። እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ለሚቆራረጥበት ሰው ደግሞ ጭራሽ ሊያባብሱ ይችላሉ። ስለዚህ ሌላ መላ መፈለግ ያዝን፤ አኩፓንቸር የሚለው ሐሳብም የመጣው ያኔ ነው።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ አልተስማማንም። የት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሰውየው አባቴን ገና በቅጡ ሳያየው "ደም ማቅጠኛውን ለጊዜው ያቁም፣ ከመርፌው ጋር አይሄድም" አለን። የአባቴ ስትሮክ በደም መርጋት የመጣው ዓይነት ነው። ደም ማቅጠኛውን የሚወስደው ሌላ እንዳይደገመው ነው። ሐኪሙ ሳያውቅ እሱን ማቆም ማለት ሁለተኛውን ስትሮክ ና ብሎ መጥራት ነው። ተነስተን ወጣን።

የማመሰግናት ባለሙያ ጋ ስንደርስ መጀመሪያ የጠየቀችን የመድኃኒቶቹን ፌስታል ነው። እያንዳንዱን ፓኮ እያነሳች ስሙንና መጠኑን ጻፈች። ደም ማቅጠኛው ላይ ስትደርስ "ይሄን ማንም ቢላችሁ እንዳታቆሙት። ጥንቃቄው የእኔ ሥራ ነው" አለች። ጥንቃቄው ምን እንደሆነም ነገረችን። ቀጫጭን መርፌ ትጠቀማለች፣ ጠልቃ አትወጋም፣ ስትነቅል የተወጋውን ቦታ በጥጥ ጫን አድርጋ ትይዛለች። ትንሽ ብትበልዝ አትደንግጡ፣ ደሙ አልቆም ካለ ግን ወዲያው ንገሩኝ አለች። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ተገጥሞለት እንደሆነ፣ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ጠየቀች። መሣሪያው ላለበት ሰው መርፌው ላይ ኤሌክትሪክ የሚለቀቅበት ዓይነት አኩፓንቸር አይሆንም።

ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች።

"እማማ፣ አባባ ሲተኙ ያንኮራፋሉ?"

"ውይ ልጄ፣ ማንኮራፋት ብቻ መሰለሽ?"

"ድንገት ጸጥ ይሉና እንደታፈነ ሰው አየር ስበው ይነሳሉ?"

እናቴ ደንግጣ አየቻት። "አንቺ በምን አወቅሽ?" አለች።

ሴትየዋ የመርፌ ዕቃዋን መልሳ ዘጋችው። በዚያ ቀን አንድ መርፌ አልወጋችም። "ይሄ መጀመሪያ መታየት አለበት" ብላ ለሐኪሙ የሚሰጥ ወረቀት ጻፈችልን። እንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ ከስትሮክ በኋላ በጣም የተለመደ ነው፤ ከግማሽ በላይ በሆኑት ሕመምተኞች ላይ ይታያል። ካልታከመ የደም ግፊትን ያስቸግራል፣ ስትሮኩም የመደገም ዕድሉ ይጨምራል። ይህን ደግሞ መርፌ አይፈታውም። ተመርምሮ ተገኘበት፣ ማታ ማታ በጭንብል አየር የሚገፋ መሣሪያ ታዘዘለት። አባቴ ጭንብሉን መጀመሪያ ጠላው፣ ሌሊት እያወለቀ ይጥለው ነበር። ቀስ በቀስ ነው የለመደው።

ለእኔ ምስጋናው የሚጀምረው ከዚህ ነው። መርፌ ለመወጋት የመጣን ሰው ሳይወጉ መመለስ ገቢ ማጣት ነው። እሷ አደረገችው።

ትንፋሹ ከተስተካከለ በኋላም እንቅልፉ ሙሉ አልሆነም። መታፈኑ ቀረ እንጂ ቶሎ መተኛት አቃተው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቶ እስኪነጋ ይቆያል። አኩፓንቸሩ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ላላያችሁት ሰዎች ልንገራችሁ። መርፌው መድኃኒት የሚሰጥበት ዓይነት አይደለም። ውስጡ ክፍት አይደለም፣ ውፍረቱም ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከታሸገ ፓኮ ወጥቶ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራበት፤ ከዚያ ወደ ስለታም ቆሻሻ መጣያ ሣጥን ይገባል። ፓኮውን ፊታችን ነው የምትቀድደው። ለእንቅልፍ ብዙ ጊዜ የሚወጉት ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ሸንመን የሚባለው በእጅ አንጓ መታጠፊያ ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል ነው። ባይሁይ አናት ላይ፣ ዪንታንግ በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ነው። ሳንዪንጂያዎ ደግሞ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አራት ጣት ከፍ ብሎ ይገኛል። አናትና ግንባር ላይ ያሉትን ቀጥ አድርጋ አትወጋም፣ ጋደም አድርጋ ከቆዳው ሥር ታስገባቸዋለች። ከዚያ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያሉ።

አባቴ የመጀመሪያው አንጓው ላይ ሲገባ ፊቱን ጨምደድ አደረገ። ንግግሩ ገና ኮልተፍ ይል ነበር። "ልጄ፣ መርፌ ነው ድንጋይ ያስቀመጥሽብኝ?" አላት። ሳቀች። "ከበደዎት አይደል አባባ? እሱ ስሜት የሚጠበቅ ነው፤ የሚያቃጥል ወይም የሚወጋ ሕመም ከሆነ ግን ይንገሩኝ" አለችው። ቶሎ ብላ ግን ወደ ግራ ጎኑ አላለፈችም። ግራው የሰነፈው ነው፣ ስሜቱም የደነዘዘ ነው። እዚያ ላይ ቢያመውም አይሰማውም። ስለዚህ በዚያ በኩል ጥቂት ብቻ፣ ላይ ላዩን ነው የወጋችው፣ በየመሀሉም እየመጣች ቆዳውን በዓይኗ ታይ ነበር። የሚያሞቅ መብራት በግራ ጎኑ አጠገብ ጨርሶ አታደርግም። ሙቀቱ ቢያቃጥለው አባቴ አያውቅማ።

ስትወጋ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ስትነቅልም እንደገና ትቆጥራለች። ቁጥሩ ካልገጠመ ማንም ከአልጋው አይነሳም። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ሰው ላይ መርፌ ረስቶ መሸኘት በዚህ ሙያ የሚያጋጥም ነገር ነው። እናቴም ለመደችውና አብራት መቁጠር ጀመረች።

ውጤቱስ? አባቴ አሁን ማታ ቶሎ ይተኛል፤ ሌሊት ቢነቃም ተመልሶ ይወስደዋል። ጠዋት ልምምዱን የሚጀምረው ሳይነጫነጭ ነው። ይህ ለቤታችን ትልቅ ነገር ነው። መርፌው ብቻውን ነው ያመጣው ብዬ ግን አልምልም፤ እሷም አትልም። "አባባ እንዲተኙ ያደረገው መርፌው ነው፣ ጭንብሉ ነው፣ ወይስ ቀን ማንጎላጀታቸውን መቀነሳቸው? ለይቼ አላውቅም" አለችኝ በግልጽ። ይህን የሚል ባለሙያ ስንት ጊዜ ገጥሟችኋል?

እኔም ነገሩን ለማጣራት አነበብኩ። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት ገምጋሚዎች በ2012 ስለ አኩፓንቸርና እንቅልፍ ማጣት 33 ጥናቶችን ሰብስበው ነበር። ጥናቶቹ ጥራት ስለሚጎድላቸው ይጠቅማልም አይጠቅምምም ለማለት አያስደፍሩም አሉ። በ2016 ደግሞ ስለ ስትሮክ ማገገሚያ 31 ጥናቶች አይተው ተቀራራቢ ነገር ነው የደረሱበት። ጥሩ ምልክት ቢታይም በሙሉ ልብ የሚወራ አይደለም። እንግዲህ "አኩፓንቸር ስትሮክን ያድናል" የሚል ማስታወቂያ ብታዩ ምን ያህል እንደምታምኑት ለእናንተ ልተወው።

ስለ ቀኑ እንቅልፍ ያነሳሁት ነገር ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። መርፌው ተሰክቶ በሚቆይበት ጊዜ እናቴንና እኔን ውጭ አስቀምጣ ታሠለጥነን ነበር ማለት ይቻላል። ማታ የቱንም ያህል ሳይተኛ ቢያድር ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሳ። ጠዋት ብርሃን ያግኝ። የቀን እንቅልፉ አጭር ይሁን፣ ማምሻው ላይ ደግሞ ጭራሽ ይቅር። አልጋ ላይ ተጋድሞ ቴሌቪዥን አይይ። ይህ የእሷ ፈጠራ አይደለም፤ ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ሐኪሞች ከኪኒን አስቀድመው የሚመክሩት የባህርይ ሕክምና አካል ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2016 ለአዋቂዎች ከሁሉም አስቀድሞ እንዲሰጥ የመከረው ይህንኑ ሕክምና ነው። እሷ ያደረገችው ለአባቴ እንዲመች አድርጋ ማስተካከል ነው። የሚያመውን ትከሻ በትራስ እንዴት እንደምንደግፍ፣ በየትኛው ጎን እንደምናስተኛው እስከማሳየት ሄዳለች። ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ጋርም ተደዋውላ ሰዓቱን አስማምታለች፤ የመርፌው ቀንና ከባዱ ልምምድ እንዳይገጥሙ።

አንድ ቀን አባቴ ሲከፋው አየችው። መርፌውን ሳትጀምር አጠገቡ ቁጭ ብላ አወራችው። በኋላ ለእኔ ለብቻዬ "ከስትሮክ በኋላ ከሦስት ሰው አንዱን ድባቴ ይይዘዋል፤ እንቅልፍ የሚነሳውም እሱ ሊሆን ይችላልና ለሐኪሙ ንገሩ" አለችኝ። ነገርን። እሱም እየታየለት ነው።

ቅሬታ የለህም ወይ ካላችሁ አለኝ። ሰው ስለሚበዛባት ቀጠሮ ማግኘት ፈተና ነው። ስልክም ቶሎ አታነሳም። ደረጃ መውጣት አለበት፣ ይሄ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ከባድ ነው፤ አባቴን ደግፈን ነው የምናወጣው። ይህንን ነግሬያታለሁ፣ ምድር ቤት ክፍል እየፈለገች ነው።

እንግዲህ እህቴ፣ ይህን ታነቢዋለሽ ብዬ አስባለሁ። አባቴ "ያቺ ቆጣሪዋ ልጅ" ነው የሚልሽ። እናቴ ደግሞ ሌሊት ስለምትተኛ ትመርቅሻለች። እኔም ከልቤ አመሰግናለሁ። እጅሽ ይባረክ።

ወደ እሷ የምትሄዱ ሁሉንም መድኃኒት ከነማሸጊያው ያዙ። የመጨረሻውን የሐኪም ወረቀትም አትርሱ። ማታ ከሕመምተኛው ጋር አንድ ክፍል የሚያድረውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ብዙውን ጥያቄ የምትጠይቀው እሱን ነው። የፊት መጣመም፣ አዲስ የእጅ መዛል፣ የንግግር መተሳሰር ድንገት ካያችሁ ግን ወደ እሷ አትደውሉ። ራሷ በመጀመሪያው ቀን የነገረችን ነው፦ "ያኔ አምቡላንስ ጥሩ፣ እኔን ቆይታችሁ ትነግሩኛላችሁ።"