የጅማ ኳስ ማሳያ ቤቶች በቅድመ ውድድር ሰሞን፦ የቱ ጋ ይታያል፣ የቱ ጋ ብር ይባክናል?

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከተጀመረ በኋላ ጅማ ውስጥ ኳስ ማየት ቀላል ነው። ከሄርማታ እስከ ፈረንጅ አራዳ፣ ከመርካቶ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ቅዳሜና እሁድ ሁሉም ዲኤስቲቪ ቤት ክፍት ነው፤ አንዱ ቢሞላ ሌላው አለ። ቤት ከቤት የሚለየው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ክለቦቹ ለቅድመ ውድድር የዝግጅት ጨዋታ አሜሪካና እስያ ሲዞሩ፣ እዚህ ደግሞ ክረምቱ ሲብስ፣ ብዙው ማሳያ ቤት ያለ ዝግጅት በሩን ይከፍታል። ደጋፊው ኳስ ተርቦ ይገባል፤ ቡድኑ ሲሸነፍም በወጉ ባላየው ጨዋታ አሰልጣኙን አባርሮ ይወጣል።

የእኛ ሚዛን አንድ ነው፦ የማሊያ ቁጥር ይነበባል ወይስ አይነበብም? በሊጉ የአርሰናሉን ሳካን ወይም የማንቸስተር ዩናይትዱን ብሩኖን ለመለየት ቁጥር አያስፈልግም፣ አሯሯጣቸው ይበቃል። በቅድመ ውድድር ግን ክለቦቹ እስከተስማሙ ድረስ የፈለጉትን ያህል ሰው መቀየር ይችላሉ። ከእረፍት መልስ ወይም 60ኛው ደቂቃ ላይ ስምንት ዘጠኝ ተጫዋች ባንዴ ይገባል፤ ከእነሱ ውስጥ ከአካዳሚ የመጡ፣ ከ40 በላይ ቁጥር የለበሱ፣ ማንም በመልክ የማያውቃቸው ልጆች አሉ። ሁለተኛው ግብ ሲቆጠር መሀል ተከላካይ ሆኖ የቆመው ዋናው ተጫዋች ነው ወይስ የ18 ዓመት ልጅ? ይህን ማየት ያልቻለ ሰው ይዞ የሚወጣው ውጤቱን ብቻ ነው፤ የቅድመ ውድድር ውጤት ደግሞ ለብቻው ምንም አይነግርም።

ምስል የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ገመዱ ነው። ከዲኮደሩ (ከዲሹ የመጣውን ሲግናል ወደ ምስል ከሚቀይረው ሳጥን) ጀርባ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ገመድ ከተሰካ ስክሪኑ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ምስሉ ኤችዲ አይሆንም፣ ቁጥሩም ይድበሰበሳል። ኤችዲኤምአይ የሚባለው ገመድ ግድ ነው። እሱም ቢሆን ተራው ገመድ ከ10 ሜትር ሲያልፍ ምስሉ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል፤ ዲኮደሩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ስክሪኑን አዳራሹ ጫፍ የሚሰቅሉ ቤቶች የሚቸገሩት በዚህ ነው። ተጫዋቾቹ አጥረውና ወፍረው፣ የመሀል ሜዳው ክብ ተለጥጦ ከታየ ደግሞ የምስሉ ቅንብር ተሳስቷል ማለት ነው። በሪሞት 16:9 ላይ ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ አስተናጋጁን ጠይቁ።

ፕሮጀክተር ያላቸው አዳራሾች ለማታ ጨዋታ ደህና ናቸው። ለቀን ጨዋታ ግን አንመክርም። 3,000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) የሚባለው ፕሮጀክተር ጨለማ ውስጥ ሦስት ሜትር የሚሆን ስክሪን ያበራል፤ በቆርቆሮው ቀዳዳና በበሩ ብርሃን ከገባ ግን ሣሩ ይነጣል፣ ኳሷ ትጠፋለች። በዚያ ላይ አቡጀዲ የወጠሩ ቤቶች ብርሃኑ ከፊሉ ከጨርቁ ጀርባ ያልፍባቸዋል። ነጭ ቀለም የተቀባ ቺፑድ ያቆመ ቤት በዚያው ፕሮጀክተር የተሻለ ምስል ያሳያል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 2025 አርሰናል ሆንግ ኮንግ ላይ በቶተንሃም 1 ለ 0 ሲሸነፍ ጨዋታው እዚህ ከቀኑ 8:30 ላይ ነበር። ግቡ የቶተንሃሙ ፓፔ ሳር ከሜዳው አጋማሽ አካባቢ የአርሰናሉ ግብ ጠባቂ ራያ ከግብ ክልሉ መውጣቱን አይቶ የላከው ነው። እንዲህ ዓይነት ኳስ በነጣ ስክሪን ላይ አይታይም፤ ከመረቡ ስትወጣ ነው የምትታየው።

ሰዓቱ ራሱ ያሳስታል። የሆንግ ኮንግ የምሽት ጨዋታ እዚህ ከቀኑ 8:30 ይሆናል፤ ኒው ዮርክ አካባቢ በእነሱ ምሽት 7:30 የሚጀመረው ደግሞ እዚህ ከሌሊቱ 8:30 ነው። በር ላይ በጠመኔ "8:30" ብቻ ተጽፎ ካያችሁ ቀን ይሁን ሌሊት ጠይቁ። ሎስ አንጀለስ ላይ የሚደረገው ጅማሬው እስከ ንጋት 11:30 ሊዘገይ ይችላል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባጃጅ ማግኘት ስለሚከብድ ለእነዚህ ጨዋታዎች በእግር የሚደረስበትን ቤት ምረጡ፣ ስክሪኑ ትንሽ ቢሆን እንኳ።

ስለ ዝናቡ የሚነገረው ሰበብ ግን ሊቀር ይገባል። ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር "ኢ48-32" የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ሲግናል የለም ማለት ነው፤ ባለቤቱም "ዝናቡ ነው፣ ምን ላድርግ" ይላል። ሳተላይቱ ያለው 36 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ጅማም 37 ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ ናት፣ ከምድር ወገብም ብዙ አትርቅም። ስለዚህ ሲግናሉ ከአናታችን በላይ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ዝናብ ውስጥ የሚያቋርጠው መንገድ አጭር ነው። በከባድ ውሽንፍር ለጥቂት ደቂቃ ቢቋረጥ ያለ ነው። በካፊያ የሚቋረጥ ከሆነ ግን ጥፋቱ ጣራው ላይ ነው፦ ወይ ዲሹ ዞሯል፣ ወይ ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) አርጅቷል፣ ወይም መገጣጠሚያው ውስጥ ውሃ ገብቶ የገመዱ መዳብ አረንጓዴ ሆኗል። መፍትሔው ውድ አይደለም። የበሰበሰውን ጫፍ ቆርጦ አዲስ ኮኔክተር ማሰር፣ በናስትሮ መጠቅለል፣ ውሃው ወደ መገጣጠሚያው እንዳይወርድ ገመዱን ከመገጣጠሚያው ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል ትንሽ አርግቦ መተው ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ዲሽ የተከለ ቤት 90 ቢያደርገው የሚሰበስበው ሲግናል ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ጅማ ላይ ዲሹ ፊቱን ወደ ላይ ስለሚያጋድል ቅጠልና ጭቃ ይይዛል፤ ክረምት ሳይገባ መጥረግም ያስፈልጋል።

ድምፁን የሚወስነው ኮርኒስ ነው። ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ኮሜንታተሩ አይሰማም፤ ማን ማንን ቀየረ የሚለው መረጃ ደግሞ በቅድመ ውድድር ግማሹ የሚገኘው ከእሱ ነው። ድምፁን ከፍ ማድረግም አያድንም፣ ጆሮ ማደንቆር ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚበልጠው ቤት ትልቅ ጄኔሬተር ያለው ብቻ አይደለም። ዲኮደሩን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ የሰካ ቤት ጄኔሬተሩ እንደተነሳ ወዲያው ምስል ያገኛል፤ ያልሰካው ዲኮደሩ እንደገና ተነስቶ ሲግናል እስኪፈልግ ደቂቃዎች ይጠብቃል፣ በእነዚያ ደቂቃዎች ደግሞ ስምንቱ ተጫዋቾች ተቀይረው ይገኛሉ። ፕሮጀክተር ሲሆን ይብሳል፤ የጋለ አምፖል ሳይቀዘቅዝ አይነሳም።

ሌላው የሐምሌ ችግር ክፍያ ነው። ሊጉ ግንቦት ላይ ሲያልቅ ብዙ ቤት ወርሃዊ ክፍያውን ያቆማል፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ይሯሯጣል፣ ስክሪኑ ላይ "ኢ16" ይወጣል። ከተከፈለ በኋላም ዲኮደሩ በርቶ ካልጠበቀ አይከፈትም። ደግሞም ሁሉም የዝግጅት ጨዋታ በዲኤስቲቪ አይመጣም፤ እነዚህ ጨዋታዎች በፕሪሚየር ሊጉ ውል ውስጥ ስለማይገቡ አንዳንዱን ክለቡ በራሱ ቻናል ያሳያል። ያኔ ቤቱ ወደ ኢንተርኔት ይዞራል። የኢንተርኔት ምስል ከሳተላይቱ ብዙ ጊዜ ከ30 ሰከንድ በላይ ይዘገያል፤ ጎረቤት ቤት ከሌላ ጣቢያ በዲሽ የሚያይ ካለ ግቡ በጩኸት ቀድሞ ይደርሳችኋል። በኢንተርኔት ለሚታይ ጨዋታ ሙሉ የመግቢያ ብር መጠየቅ ተገቢ አይመስለንም።

ሽንፈቱ ሲመጣ የቤቱ ጠባይ ይታያል። ፊሽካው እንደተነፋ ወደ ሙዚቃ የሚቀይር ቤት አለ፤ ይህ ጥፋት ነው። በእነዚህ ጨዋታዎች አሸናፊው ታውቆም ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ይችላል። እ.ኤ.አ. 2023 ዩናይትድ አርሰናልን ኒው ጀርሲ ላይ 2 ለ 0 ካሸነፈ በኋላ መለያ ምት የተመታው ቀድሞ ስምምነት ስለነበረ ነው። ከጨዋታው በኋላ ያለው ትንተናም ለተበሳጨ ደጋፊ ይጠቅማል። ሊቨርፑል እ.ኤ.አ. በ2019 ክረምት በዶርትመንድ 3 ለ 2፣ በሴቪያ 2 ለ 1፣ በናፖሊ 3 ለ 0 ተሸንፎ በዚያው የውድድር ዘመን በ99 ነጥብ ዋንጫ አንስቷል፤ ሳላህ፣ ፊርሚኖና አሊሰን ከአገር ውድድር ገና አልተመለሱም ነበር። ዩናይትድ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2022 ባንኮክ ላይ ሊቨርፑልን 4 ለ 0 ቢረታም ሊጉን በብራይተንና በብሬንትፎርድ ተሸንፎ ጀመረ። ፉገራው የኳስ ቅመም ነው፣ ይቀጥል። ከዝግጅት ሽንፈት በእውነት የሚያሳስበው ግን ጉዳት ነው፤ የዩናይትዱ ተከላካይ ሌኒ ዮሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ከአርሰናል ጋር ሲጫወት እግሩን ተጎድቶ ለወራት ከሜዳ ርቋል። ከዚያ ቀጥሎ ዋናዎቹ ተከላካዮች ሜዳ ላይ እያሉ ከማዕዘን ምት የሚቆጠር ግብ ያሳስባል። የቀረው ሊጉ ሲጀመር ይታያል።

የከተማው ክለብ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. በመጀመሪያ ዓመቱ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ያነሳበት ከተማ ተመልካች ኳስ ያውቃል፤ ቤቶቹም ይህን ማክበር አለባቸው። ለቀን ጨዋታ ኮርኒስ ያለው፣ ቴሌቪዥኑን በኤችዲኤምአይ ያገናኘ ካፌ እንመርጣለን፤ ለምሽት 4 ሰዓት ጨዋታ ቺፑድ ያቆመ አዳራሽ፤ ለሌሊቱ ደግሞ ዩፒኤስና ጄኔሬተር ያለውን የሰፈር ቤት። ብር ከመክፈላችሁ በፊት በር ላይ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ምስሉ ከሩብ ሰዓት በላይ ቢጠፋ ብሩ ይመለሳል ወይስ ለሚቀጥለው ጨዋታ ይያዛል? ጥርት ያለ መልስ የማይሰጥ ቤት ከሆነ ወደሚቀጥለው በር እለፉ።