ፕሮቫንሳል ወይስ አራኔስ? ኦክሲታንኛን ለመጀመር

በደቡብ ፈረንሳይና በአጎራባች አካባቢዎች የሚነገረውን፣ የፈረንሳይኛ ዘመድ የሆነውን ኦክሲታንኛ ለመማር ካሰባችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛውን ዘዬ ልያዝ የሚለው ነው።

ፕሮቫንሳል የደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ነው። በሥነ ጽሑፍ ስሙ የገነነው እሱ ነው። ገጣሚው ፍሬዴሪክ ሚስትራል በ1854 እ.ኤ.አ. ከጓደኞቹ ጋር ፌሊብሪጅ የተባለውን ማኅበር መሠረተ፣ ትልቅ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፣ በ1904 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ደግሞ ገንዘቡን አርል ከተማ ላለው የፕሮቫንስ ባህል ሙዚየም አዋለው። እንዲህ ያለ ተቆርቋሪ ያገኘ ስንት ቋንቋ አለ? ግን ዛሬ እዚያ መንገድ ላይ የምትሰሙት ፈረንሳይኛ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም የሪፐብሊኩ ቋንቋ የሚለው እሱን ብቻ ነው።

አራኔስ በፒሬኔ ተራሮች ውስጥ፣ በስፔን በኩል፣ በአራን ሸለቆ የሚነገር፣ ጋስኮን ከተባለው የኦክሲታንኛ ቅርንጫፍ የሚመደብ ዘዬ ነው። ተናጋሪዎቹ ጥቂት ሺህ ናቸው፣ ሚስትራልን የሚያህል ስመ ጥር ደራሲም የለውም። ቢሆንም ከ2006 ጀምሮ ሸለቆው በሚገኝባት የስፔን ክልል፣ በመላው ካታሎኒያ፣ ሕጋዊ የሥራ ቋንቋ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ይማሩበታል፣ የሸለቆው ምክር ቤት ይሠራበታል፣ የመንገድ ምልክቱም በሱ ይጻፋል።

ግጥም ለሚወድ ሰው ፕሮቫንሳል ይሻለዋል። እኔ ግን ምርጫዬ አራኔስ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ዘዬ ከሽልማት ይልቅ የሚያስፈልገው ክፍል ውስጥ የሚማርበት ልጅና ቢሮ ውስጥ የሚጽፍበት ሠራተኛ ነው።