ጉና ያደረሱንን ጫማዎች ለሰፉልን ጋሼ

የጉና ተራራ ፎቶዎቻችንን ከለጠፍኩ ወዲህ ጥያቄው አልቆመም። መኪና ከየት ተከራያችሁ? አስጎብኚው ማን ነው? ድንኳኑስ? ለሁላችሁም በውስጥ መስመር እመልሳለሁ። ሾፌራችንም አስጎብኚያችንም ጎበዞች ናቸው፣ እግዜር ይስጥልን። ይሄ ምስጋና ግን ፎቶው ላይ ለሌሉ ሰው ነው። ባህር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ፣ አንድ በረንዳ ሥር ቁጭ ብለው ጫማ የሚሰፉ አባት አሉ። «ስሜን እንዳትለጥፊው» ስላሉኝ ጋሼ ብያቸው ልቀጥል።

ጉናን የማታውቁት ካላችሁ፣ የጣና ዳር ክረምትና የጉና ክረምት አይገናኙም። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የጉና ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል ብላችሁ አስሉት። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባል የለ? እኛም ያንን አምነን ከቡሄ በኋላ ነው የወጣነው። ጉና ግን ተረቱን የሰማ አይመስልም።

ከመሄዳችን በፊት ጫማዎቻችንን ሰብስበን ጋሼ ዘንድ ወሰድን። አንዱ ጓደኛችን ከሰልባጅ ተራ የገዛው የተራራ ጫማ ነበረው። ሲያዩት ያስቀናል። ጭረት የለበትም፣ ሶሉ አልተበላም። ጋሼ ገለበጡትና ከሶሉ በላይ ያለውን ፎም በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። እንደ ደረቀ ዳቦ ፍርፍር አለ።

«ይሄ ጉና አይደርስም። ደብረ ታቦርም ከደረሰ ደግ ነው» አሉት።

ጓደኛችን ተከራከረ። ማስቲሽ ይጨመርበት፣ ይሰፋ፣ የፈለጉትን እከፍላለሁ አለ። እሳቸው ወይ ፍንክች። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። የብዙ ተራራ ጫማዎች መሃል ያለው ፎም ከፖሊዩሪቴን የሚሠራ ነው። ይሄ ነገር ባይለበስም እንኳ ከአየር እርጥበት እየወሰደ በዓመታት ውስጥ ይበሰብሳል። ዕቃ ቤት የከረመ ጫማ ከላይ አዲስ መስሎ ከውስጥ ያለቀለት ሊሆን ይችላል። ጋሼ ፖሊዩሪቴን የሚለውን ቃል ሰምተውት የሚያውቁ አይመስለኝም፤ አውራ ጣታቸው ግን ያውቀዋል። ደግሞ ተቀብለው፣ ማስቲሽ ቀብተው፣ ሒሳባቸውን ተቀብለው ሊሸኙት ይችሉ ነበር። ማን ይጠይቃቸዋል? እንዲህ ያለ ሥራ አልሠራም ብሎ ደንበኛ የሚመልስ ባለሙያ ዘንድሮ ስንት አለ?

የሌላኛው ጓደኛችን አሮጌ ከስክስ ግን ተቀባይነት አገኘ። ሁላችንም ስንስቅበት የነበረ ጫማ ነው። ጋሼ ቆዳውን እጥፍ ዘርጋ አደረጉትና «ይሄ ይወጣል» አሉ። አፉን የከፈተውን ሶል በማስቲሽ አጣብቀው ብቻ አልተዉትም። ክሩን በሰም አሹት። ከዚያ በወስፌ እየበሱ፣ ክሩን ግራና ቀኝ እየሳቡ ዙሪያውን ሰፉት። በሳቡ ቁጥር ትከሻቸው ይነሳል። ቀዳዳው ውሃ አያስገባም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሰም የጠጣ ክር ቀዳዳውን ይደፍነዋል ልጄ። ማስቲሽ ብቻውን ለአስፋልት ነው፤ ዋልካ ይነቅለዋል» አሉኝ።

ለዚያ ለተመለሰው ጓደኛችን ደግሞ ሌላ ጫማ ሲገዛ ምን ማየት እንዳለበት ነገሩት። ለእናንተም ይጠቅማል። ሶሉ የተሰፋ ይሁን። ምላሱ ከግራና ቀኙ ጋር የተያያዘ ከሆነ ውሃ በቀላሉ አይገባም። ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ ለኩት፣ ያውም ወደ ማታ፣ እግር ቀን ሲውል ስለሚያብጥ። የእግር ጥፍራችሁንም ቁረጡ።

መንገዱን አላረዝመውም። ሐሙሲት፣ ወረታ፣ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ክምር ድንጋይ። የፎገራ ሜዳ ውሃ ሞልቶ ሩዙ አረንጓዴ ለብሷል። ከክምር ድንጋይ በኋላ የገብስ ማሳውን አልፈን፣ የአስታውን ቁጥቋጦ አልፈን፣ የጓሳው ሣርና ረጃጅሙ የጅብራ ተክል ጋ ስንደርስ ነው የጋሼ ሥራ የተፈተነው። ጭቃው እግር ይዞ አልለቅ ይላል። በረዶው ጅብራው ላይ ይንጣጣል። መሬቱ ሁሉ ውሃ ያዘለ ነው። ይሄው ውሃ ነው እንግዲህ በጉማራና በርብ ወርዶ ጣና የሚገባው። ከስክሱ አንዲት ክር አላላላም። የሳቅንበት ልጅ ከፊት ሆኖ ይጠብቀናል። ኮንጎ ጫማ ያደረገ እረኛ ደግሞ በጎቹን እየነዳ ሁላችንንም አልፎን ሄደ። «አይዟችሁ፣ በርቱ!» አለን። ሳቁን እያፈነ እንደሆነ ያስታውቃል።

ቁልቁለቱ ላይ የጠቀመን ደግሞ ጋሼ ሲሸኙን የነገሩን ነው። ሽቅብ ስትወጡ ቁርጭምጭሚት ጋ ያለውን ማሰሪያ ላላ አድርጉት፣ ስትወርዱ ግን ጥብቅ፣ አለዚያ ጣታችሁ ጫፉን እየመታ ጥፍራችሁ ይጠቁራል ብለውን ነበር። ምክሩን ከሰማነው መካከል ጥፍሩ የጠቆረበት የለም። ጆሮ ያልሰጠ አንድ አለ፤ ማንነቱን ራሱ አስተያየት ላይ ይናገር።

ስንመለስ የራሰውን ጫማ እሳት ዳር እንዳናደርቅም አስጠንቅቀውናል። ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ ጋዜጣው ሲርስ ቀይሩት።

ዋጋቸው? ለሁላችን ጫማ የከፈልነው ሐይቅ ዳር ለሁለት ሰው የዓሣ ምሳ ከሚያስወጣው አይበልጥም። ጉርሻ ስንጨምርላቸው ተቆጡን፤ ሻይ አዘን ነው የታረቅነው።

እውነቱን ለመናገር ፈጣን አይደሉም። ነገ ካሏችሁ ከነገ ወዲያ ብላችሁ ያዙት። ስልክም አያነሱም፤ እጃቸው ማስቲሽ ነው። እሁድና በዓል የሉም። ስለዚህ ለጉዞ የምትፈልጉት ከሆነ ከሳምንት በፊት ውሰዱላቸው። በክረምት ጠዋት ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ዝናቡ ከመጣ ዕቃቸውን ሰብስበው ይገባሉ። ትክክለኛ ቦታውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ጫማችሁን ግን አጥባችሁ ውሰዱ። ጭቃ የያዘ ጫማ ካዩ «ታጥቦ ይምጣ» ብለው ከነጫማችሁ ነው የሚመልሷችሁ።